የጥቁሩ ባቡር ሞተር

አቶ ኪዳነማርያም የሞቱበት ክፍል ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። ሰው ራሱን ከውጭ ቆልፎ ከውስጥ አይሞትም፤ ይህን ለማወቅ ማዕረግ አያስፈልግም። ምክትል ኢንስፔክተር ሙሉሐረግን ሰኞ ጠዋት፣ ነሐሴ አምስት ቀን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ያናደዳት ይኸው ጓጉንቸር ነው። የገደለ ሰው ደንግጦ ይሮጣል። ይኼኛው ረጋ ብሎ ቆልፎ ነው የሄደው።

በሩን ሰብረው ሲገቡ አዛውንቱ ከደፉ ሥር በሆዳቸው ተዘርግተዋል። መዶሻው ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ ወድቋል፤ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ደግሞ የደም ምልክት ተስቦ መጥቷል። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ አንገታቸውን ዳብሳ፣ ቁስሉን አይታ፣ ምቱ አንድ ብቻ መሆኑን ተናገረች። እሑድ ከሰዓት ሳይሆን እንዳልቀረም ገመተች። ያኔ ከተማውን በረዶ እየቀጠቀጠው ስለነበር ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም።

«ወዲያው አልሞቱም» አለች ነርሷ። «እስከ በሩ ድኸዋል። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሰው ያያቸው ነበር።»

ሙሉሐረግ ጓጉንቸሩን በላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። 

መካነ ሰላም ከተማ ባቡር አይታ አታውቅም። አቶ ኪዳነማርያም በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተው በጡረታ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሐዲድ በሌለበት አገር የባቡር ሐኪም ምን ሊበላ ነው ብሎ ሰው ሳቀባቸው። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ጂዳና ሪያድ ሰው ቤት ሠርተው የሚመለሱ ሴቶች የአሠሪዎቻቸው ልጆች የሰለቿቸውን የመጫወቻ ባቡሮች በሻንጣ ይዘው መምጣት ጀመሩ። የዚያ አገር መብራት መቶ አሥር ነው፣ የእኛ ሁለት መቶ ሃያ፤ ልጅ ተሰብስቦ እያየ ይሰኩታል፣ አንዴ ጢስ ይላል፣ በቃ። አዛውንቱ የተቃጠለውን ሞተር ያወጡና ሲዲ መጥቶ ሰው ከጣላቸው የካሴት ቴፖች ሞተር ፈትተው ይተክሉበታል። በደረቅ ባትሪ ይሄዳል። ባለቤቱ የተወውን ደግሞ ለራሳቸው ይሰበስቡታል። ግድግዳቸው ላይ ሰላሳ አንድ ባቡር በወረፋ ቆሞ ነበር፤ አንድም አልተነካም።

የተነካው ጠረጴዛው ላይ ያለው ብቻ ነው። በሳንቃ ላይ ከተዘረጋችው ክብ ሐዲድ መሃል አንድ ጥቁር ባቡር በጀርባው ተገልብጧል፤ ሆዱ ተከፍቷል፣ ሞተሩ የለም። በክር የታሰረበት ወረቀት «የአሰጋሽ ልጅ» ይላል።

የጣቢያው አዛዥ ታደለ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። አስከሬኑን በመስኮት አይቶ ለፖሊስ የተናገረው ቴፕ ሠሪው አብዱራህማን ነው። ለሟቹ የቴፕ ሞተር የሚሰጠውም እሱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ሁለቱ በሞተር ምክንያት ገበያ መሃል ሲጯጯሁ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

«ሞተሩን ወሰደ፣ ሰውየውን ገደለ፣ ራሱ መጥቶ ጮኸ» አለ ታደለ። ሥራ አፋጥኑ የሚለውን የቢፒአር ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ ሁሉ ነገር በአምስት ቀን ካላለቀ እንቅልፍ አይወስደውም። «ዓርብ ወደ ደሴ እልከዋለሁ።»

«በአሥራ አምስት ብር ሞተር ሰው ይገደላል?»

«በአምስት ብርም ተገድሏል።»

ሙሉሐረግ ደሴ የሄደ መዝገብ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ ጓጉንቸር አያይም። አብዱራህማን ዓርብ ከሄደ ገዳይ ሆኖ ነው የሚሄደው። ቀኑ ሰኞ ነበር።

አብዱራህማን ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ጣቶቹ በብየዳ ጢስ ጠቁረዋል። ጥፋተኛ ሰው ብዙ ያወራል ትላለች ሙሉሐረግ፤ ይህ ግን ጥያቄ ካልተጠየቀ አፉን አይከፍትም።

«ቅዳሜ ሱቄ መጡ» አላት በመጨረሻ። «ከእሳቸው ሌላ ባቡር ለሚሠራ ሰው የቴፕ ሞተር ሰጥቼ እንደሁ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ማል አሉኝ። አሥር ዓመት ወዳጄ ነበሩ፤ ሰው ፊት ማል ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ጮህኩባቸው። ቢሆንም ማልኩ፤ ወላሂ ለማንም አልሰጠሁም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«'እንግዲያው የራሴ እጅ ነው' አሉና ሄዱ። ዛሬ ጠዋት አውፍ ልባባል፣ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ነው በራቸው የሄድኩት።»

ምን ማለታቸው እንደነበር ስትጠይቀው አላህ ይወቅ አለ። እንባውን ለማንም ማሳየት ስላልፈለገ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙሉሐረግ «የራሴ እጅ ነው» የሚለውን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ምን እንደምታደርገው ግን አላወቀችም።

ማክሰኞ ወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉሐረግ ስትገባ ቀና ብለው ረጅም አዩዋት፤ የት እንዳየቻቸው ግን አላስታወሰችም። በየቀኑ ስንት ሰው ጣቢያ ይመጣል።

ልጃቸው ምህረት በዘጠና ስምንት ጥር ጂዳ ሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ትደውል ነበር። የምትሠራበት ቤት ልጅ ጥቁር ባቡር እንዳለው፣ እሷም ከልጁ ጋር እንደ ልጅ ቁጭ ብላ እንደምትጫወት በስልክ ነግራቸው ከጎረቤት ጋር ስቀዋል። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ዘንድሮ ሚያዝያ መርዶዋ መጣ፤ ከመርዶው ጋር ሻንጣ፤ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሻርፕና ያ ባቡር። አርባዋን ካወጡ በኋላ ባቡሩን ታቅፈው ይተኙ ጀመር።

«ድምፁን ልስማው ብዬ ነው ለጋሽ ኪዳኔ የሰጠኋቸው» አሉ። «እሷ የሰማችውን ድምፅ።»

«ሲሄድ አይተውታል?»

«የት አድሎኝ ልጄ። ሠርተው ሳያሳዩኝ ሞቱ።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው በዛች እጃቸውን ያዘች። በዛች ራሷ የአረብ አገር ተመላሽ ናት፤ አስፋልቱ ዳር ያገለገለ የጂዳ ዕቃ ትሸጣለች። ለቅሶ ቀድማ የምትደርስ፣ ድንኳን የምታስተክል፣ እስላም ክርስቲያን ሳትል የምታስተዛዝን ሴት ናት። ቤቷ ከወይዘሮ አሰጋሽ ጋር በአንድ አጥር ግቢ ነው፤ ከደጅ እስከ ደጅ አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም።

«አብሽሪ አሰጉ» አለቻቸው በዛች። «ዕድሜ ማለት እንደዚያ ባቡር ነው፤ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም።»

ሙሉሐረግን እንባዋ ሊያሸንፋት ደረሰ። የምትጽፈው እንዳላት ሁሉ ማስታወሻዋ ላይ አቀረቀረች። በመደቡ ጥግ የምህረት ፎቶዎች በቀጭን ጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ የላይኛዋ ልጅ ጥርሷን ሳትገልጥ ትስቃለች።

እሑድ ከሰዓት የት እንደነበሩ ሁለቱንም ጠየቀች። ወይዘሮ አሰጋሽ በረዶው ሲወርድ ብቻቸውን እንደነበሩ፣ በዚያ ዝናብ መሃል የመጣችላቸው በዛች ብቻ እንደሆነች፣ ልብሷ ሁሉ ርሶ ስለነበር የራሳቸውን ቀሚስ እንዳለበሷት እየመረቁ ተናገሩ። በዛች ጎረቤት ለመቼ ነው አለች። ልጅቷን ማን እንደላካት ሙሉሐረግ ስትጠይቅ እናትየው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት የመለሰችውም በዛች ነበረች።

«ደላሎች ናቸዋ! እነ ጀብሪል የዚህን አገር ልጅ ጭነው ጨረሱት። ጋሽ ኪዳኔ እኮ ባለፈው ሰው ፊት አዋርደውታል።»

የጀብሪል ስም ሲነሳ የሙሉሐረግ ደም ወደ ራሷ ይወጣል። ሰውየው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ብሎ ፓስፖርት ያስወጣል። የክርስቲያኗን ልጅ ስም ቀይሮ ሻርፕ አስጠምጥሞ ይሸኛል። ስንቷን እናት ጣቢያ ድረስ እያስለቀሰ፣ ፈርመሽ አይደለም ወይ የሄድሽው እያለ ሁልጊዜ ያመልጣል። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፤ ሙሉሐረግ ግን ጥርጣሬዋን ሁሉ ጠቅልላ አንድ ሰው ላይ ጫነችው። ቂም ይዛ ነው የተነሳችው፤ ይህን ኋላ ላይ ራሷ አመነች።

ጀብሪል ከላላ ነው አሏት። ረቡዕ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ፣ ጭቃው ሦስት ቦታ አስወርዶ እያስገፋት፣ ከቀትር በኋላ ደረሰች። ሰውየው ለዘመድ ለቅሶ ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያው ነበር። እሑድ በረዶው ሲወርድ ጫት ይዞ ከሽማግሎች ጋር ዱዓ ላይ መቀመጡን አሥራ ሁለት ሰው መሰከረለት፤ አንዱ የመስጊዱ ኢማም ናቸው። ስምንቱን ለየብቻ ጠየቀች። ሁሉም ያንኑ ተናገሩ።

ጀብሪል የደረሰባትን አይቶ አልሳቀባትም፤ ቢስቅ ይሻላት ነበር።

«ብዙ ሰው ልኬያለሁ፤ ኃጢአቴን አላሳንስም» አላት። «የአሰጋሽን ልጅ ግን እኔ አልላክኋትም። ማን እንደላካት እናትየዋን ጠይቀሻል?»

ጠይቃለች፤ ግን ከእናትየው አፍ አልሰማችም። ይህን ለእሱ የምትናገርበት አንጀት ስላልነበራት መኪናው ላይ ወጣች። በመንገዱ ሁሉ ተናደደች፤ ያናደዳት ያ ሰው በዚህ አንድ ነገር ንጹሕ መሆኑ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ጥቁሩን ባቡር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ለአብዱራህማን አንድ ቀን ቀርቶታል። ታደለ የመሸኛውን ደብዳቤ አስተይቦ ማኅተም አስመትቷል። ሙሉሐረግ እጇ ሥራ ፈትቶ ሰው እንዳይመታ ያህል ጨርቅ አነሳችና የባቡሩን ሆድ ትጠርግ ጀመር። ሞተሩ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ የደረቀ ግራሶ አለ። ግራሶው ሲለቅ በብረት የተመቱ ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ነጥቦቹ ቁጥር ሆኑ። 117። ከሥሩ ደግሞ 96።

ጨርቁን ጣለችና ወደ ሟቹ ቤት ሮጠች። ከግድግዳው አንዱን ባቡር አውርዳ በመፍቻ ከፈተችው፤ 117፣ ከሥሩ 94። ሌላውን ከፈተች፤ 117፣ 99። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ መክፈቱን አቁማ ወደ ማረፊያ ቤቱ ተመለሰች።

አብዱራህማን ቁጥሩን ስትነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ድሬዳዋ ሳሉ የአዛውንቱ የሠራተኛ ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት ነበር። እዚያ የጠገነ ሰው የጠገነው ብረት ላይ ቁጥሩንና ዓመቱን ይመታል፤ ኋላ ቢበላሽ ተጠያቂው እንዲታወቅ። እሳቸውም እዚህ መጥተው ያንኑ ቀጠሉ። መጀመሪያ ይመቱና ሞተሩን ከላዩ ያስቀምጡታል፤ ሞተሩ ይሸፍነዋል፤ ካልነቀሉት አይታይም።

ሙሉሐረግ አሰበች። ሞተሩን የነቀለው ሰው ምልክቱን ሊደብቅ ብሎ አልነበረም፤ ስለ ምልክቱም አያውቅም። ያወቀው ሞተሩን ብቻ ነው። በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይኼ ነው፤ ሞተሩ ባይወሰድ ቁጥሩን ማንም አያየውም ነበር።

«ሞተሩ እንደተቀየረ ሰው በምን ያውቃል?»

«በአካሄዱ» አላት። «የፈረንጁ ሞተር ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። የቴፕ ሞተር ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚዞረው። ባቡሩ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም።»

ሙሉሐረግ እስረኛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰምታዋለች። ማክሰኞ ዕለት እንባ ሊያመጣባት የነበረው እሱ ነው።

«በዘጠና ስድስት የሠሩት ጥቁር ባቡር የማን ነበር?»

አብዱራህማን ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «የፋጢማ ነው፣ ከጂዳ ይዛው የመጣችው። ሞተሩንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደሴ ስትገባ የጂዳ ዕቃዋን ሁሉ፣ ባቡሩንም ባትሪው ወጥቶ እንደቆመ ሸጣ ነው የሄደች።»

«ለማን?»

«ያገለገለ የጂዳ ዕቃ የሚገዛ ሌላ ማን አለ? ለበዛች ነው እንጂ።»

ከጣቢያ እስከ ወይዘሮ አሰጋሽ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ምህረት የሄደችው በዘጠና ስምንት ነው። ባቡሩ ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ እዚህ ከተማ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሞተር ተተክሎበታል። ከጂዳ በሻንጣዋ ሊመጣ አይችልም። ባቡሩ የእሷ ካልሆነ ሻንጣውስ? ሻንጣው ውሸት ከሆነ መርዶውስ?

እናትየው ብቻቸውን ነበሩ። ሙሉሐረግ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀች። ልጅቷን የላካት ማን ነው? በዛች፤ ለጂዳው ወኪል ያገናኘቻት እሷ ናት፣ ስሟንም ሀሊማ አሰኝታ። ሻንጣውንና መርዶውን ያመጣውስ? በዛች። እሑድ በዛች ስትገባ ምን ያህል ርሳ ነበር?

«እስከ ጸጉሯ» አሉ። «ጨምቄ ነው ያሰጣሁላት።»

ከአሥራ አምስት እርምጃ ማን እንዲህ ይርሳል! ሙሉሐረግ ፎቶዎቹ የታሰሩበትን ጥቁር ላስቲክ አሁን ነው በወጉ ያየችው። ክብ ነው፣ ቀጭን፣ ጠርዙ አራት ማዕዘን። ቴፕ ተከፍቶ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞተሩን ከሚዞረው ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ ነው።

«ይኼንስ ከየት አመጡት?»

«ከበዛች ቀሚስ ኪስ ነው፣ ሳጥበው። የጸጉር ማሰሪያ መስሎኝ ለምህረቴ ፎቶ አደረግሁት። ልመልስላት ነበር። ምነው ልጄ፣ ምን ሆነ?»

ሙሉሐረግ ነገ እመጣለሁ ብላ ወጣች። እንደዚያ ቀን ራሷን ፈሪ ብላ ሰድባ አታውቅም።

በዛች ሱቋ ውስጥ ብርድ ልብስ ታጥፍ ነበር። ሙሉሐረግ ባቡሩን ባንኮኒው ላይ፣ ላስቲኩን ከጎኑ አስቀመጠች። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ሠርተው ሳያሳዩኝ ነው የሞቱት ብለውኛል እናትየዋ። ሱቅሽ ውስጥ ሳለ ባትሪ የለውም፤ ሲሄድ አላየሽውም። ወደኋላ እንደማይሄድ ማን ነገረሽ?»

በዛች የያዘችውን ብርድ ልብስ አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ እንደገና ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች። ለመዋሸት ሞከረች፤ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው አለች፤ ማን ሲባል ስም አጣች። ላስቲኩን ስታይ እጇ ቆመ።

አዛውንቱ እሑድ አስጠርተዋት ነበር። ለአሰጋሽ ሳልናገር፣ ሽማግሌም ሳልሰበስብ፣ ነገሩን ከራስሽ ልስማው ብዬ ነው አሏት። ወጉ ነው፤ የወሎ ሰው ሰውን ሳያሳፍር ነገርን ከባለቤቱ ይጠይቃል። ባቡሩን ሐዲዱ ላይ አስኬዱላት፤ ባትሪውን ገልብጠው ወደኋላ አልሄድ ሲል አሳዩዋት። ይህ ሞተር የእኔ እጅ ነው፣ ምስክሩ እሱ ነው፤ ባቡሩ ከዚህ ከተማ ወጥቶ አያውቅም፤ ልጅቷ የት ናት? አሏት። ጀርባቸውን ሲያዞሩ መዶሻው ቅርብ ነበር፤ ምስክር ያሉትን ሞተርም ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«ልጅቷ የት ናት?» አለች ሙሉሐረግም።

«አላውቅም።» በዛች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ አለ። «በሰባት ወሯ ከቤቱ ጠፋች፤ ወኪሉም አላውቅም አለኝ። እናትየዋ በየጠዋቱ ደጄ ነች። ድምጿን አሰሚኝ፣ ድምጿን አሰሚኝ። አንድ ዓመት ተኩል! ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ሞታለች ብላት አልቅሳ ታርፋለች ብዬ ነው። አሳረፍኳት እንጂ ምን በደልኳት?»

«ጓጉንቸሩስ?»

«ሰው እንዳይገባ ነው።»

«ሲድሁ ሰምተሻል?»

በዛች በረዶ ነበር አለች፤ በረዶ ሲወርድ አይሰማም አለች። ሙሉሐረግ ካቴናውን በቁጣ አወጣች። ይህች ሴት ድንኳን ስታስተክል፣ ራሷ የፈጠረችው ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ደረቷን ስትመታ ከተማው አይቷል። እሷም ራሷ ማክሰኞ ዕለት በዚህች ሴት ቃል ልታለቅስ ነበር። ካቴናውን ከሚገባው በላይ አጠበቀችው፤ ቆይታም አላላላችውም።

ዓርብ አብዱራህማን ተፈታ። ታደለ የመሸኛውን ደብዳቤ ቀዶ «በአምስተኛው ቀን ተቋጨ፣ እንዳልኩት አይደል?» አለ።  አብዱራህማን መጀመሪያ የሄደው የወዳጁ መቃብር ዘንድ ነው፤ አውፍታውን እዚያ ጠየቀ።

ሙሉሐረግ ጠዋት ሄዳ ለወይዘሮ አሰጋሽ ሁሉንም ነግራቸው ነበር። ሞታለች የተባለው ውሸት መሆኑን፣ በሕይወት አለች ማለት ግን እንደማትችል። አላለቀሱም። ውጪልኝ ብቻ አሏት።

ከቀትር በኋላ ጣቢያው መጡ። ጥቁሩን አውልቀዋል፤ የቆየ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለቅሶ ጊዜ የተላጩት ጸጉራቸው ገና በወጉ አላደገም። የኤግዚቢት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባቡር አዩት፤ አልነኩትም።

«ይኼ የልጄ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወደ ሙሉሐረግ ዞሩ። «አታስታውሺኝም፤ አይደል?»

ሙሉሐረግ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«አምና ጥቅምት መጥቼ ነበር። እዚች አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጄ ድምጿ ጠፋ፣ ጻፉልኝ አልኩ። ከአገር ውጪ ያለ ነገር የኛ አይደለም አልሽኝ። የላካትን ይጠይቁ አልሽኝ። ቀና ብለሽም አላየሽኝ።» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ግን ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር። «ጠየቅኋት። አንቺ እንዳልሽኝ በየቀኑ ጠየቅኋት። አሁን ጻፊ።»

ሙሉሐረግ መዝገቡን አወጣች። አምስት ቀን ሙሉ የምትቆጣው ሰው ስትፈልግ ኖራ ነበር፤ በጀብሪል ጀምራ በበዛች ጨርሳለች። አሁን ቁጣው መጥቶ የራሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የጠፋችው ሰው ስም?» አለች።

«ምህረት። በፓስፖርቷ ሀሊማ። ሁለቱንም ጻፊ፤ በየትኛው እንደምትጠራ አላውቅም።»

«ዕድሜ?»

«ስትሄድ አሥራ ሰባት። ፓስፖርቱ ሃያ አምስት ይላል። እሱንም ጻፊ።»

ጻፈች። ያመለከቱበት ቀን የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ነሐሴ ብላ ጀመረች። ወይዘሮ አሰጋሽ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ነሐሴ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን ጻፊ። ጥቅምት አሥራ አራት፣ ዘጠና ዘጠኝ። ማን እንደተቀበለኝም ጻፊ።»

ሙሉሐረግ ነሐሴን ሰረዘች። ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አቤቱታውን ያልተቀበለችው ፖሊስ ብላ የራሷን ስም ከነማዕረጉ አሰፈረች። ፈረመችበትና ወረቀቱን ለታደለ ወስዳ ማኅተም እንዲመታበት ጠየቀችው።